ቃጭሉ ይጩኽ፣ ሽፋኑ ዝም ይበል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ አንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነን። መደርደሪያው ላይ የተኮለኮሉት አሮጌ ስልኮች አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው፤ ቀላል የሚባል አንድም የለባቸውም። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው፣ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። እንግዳቸው በድምፅ ቀረጻ ሥራ የምትተዳደር ወጣት ናት። ሰላምታውንና ቡናውን ዘልዬ ከጉዳዩ እጀምራለሁ። ጉዳዩም አንድ ነው፤ አሮጌ ስልክ ሲደውል ለምን ይንቀጠቀጣል? ደወሉ ሳይሞት ንዝረቱ እንዴት ይቀንሳል?

ባለ ስልኳ፦ ጋሼ፣ ያልኩዎት ስልክ ይኸውልዎት። መደወሉንስ ይደውላል። አደዋወሉን ግን ይስሙልኝ፤ ጣሳ ውስጥ የገባ ጢንዚዛ ነው የሚመስለው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ አብሮ ይንጫጫል።

ጠጋኙ፦ አይዞሽ። መደወሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጥቅል ሽቦው አልተቃጠለም፣ ካፓሲተሩም አልሞተም ማለት ነው። የቀረን የብረትና የጎማ ጉዳይ ነው። በይ ገልብጪው፤ ከሥሩ ምን ይላል?

ባለ ስልኳ፦ ዌስተርን ኤሌክትሪክ፣ 500።

ጠጋኙ፦ ታውቂያለሽ መቼም፣ አሜሪካ ውስጥ የድሮ ስልክ ሲባል በሰው ሁሉ ዓይን የሚመጣው ይኸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ብቅ አለ፤ ቅርጹን ያወጣው ሄንሪ ድሬይፈስ ነው። ከሱ በፊት በ1937 የወጣው 302ም የዚሁ ሰው ሥራ ነው፤ ያቺውልሽ ከላይኛው መደርደሪያ። ዌስተርን ኤሌክትሪክን የሚጨምሩት የቤል የስልክ ኩባንያዎች በ1984 እስኪበታተኑ ድረስ አብዛኛው ደንበኛ ስልኩን ይከራይ ነበር እንጂ አይገዛም። ቢበላሽ የሚጠግነው ኩባንያው ነው፤ በራሱ ወጪ። ስለዚህ እንዳይበላሽበት አድርጎ ነው የሠራው። ይህን የምነግርሽ ታሪክ ለማብዛት አይደለም። እንዲህ ታስቦ የተሠራ ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ አይንቀጠቀጥም ነበር። አሁን ከተንቀጠቀጠ ወይ አንድ ነገር አርጅቷል፣ ወይ አንድ ሰው ከፍቶት በትክክል አልዘጋውም።

ባለ ስልኳ፦ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ይዤልዎት መጥቻለሁ። ስፖንጅ ነው፤ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው። ሽፋኑን ከፍተን ውስጡን ብንሞላው ዝም አይልም?

ጠጋኙ፦ ይላል። ቃጭሉም አብሮ ዝም ይላል። ስፖንጁ የምትወጂውንና የምትጠይውን ድምፅ አይለይልሽም። በአንዳንዶቹ ደወሎች ላይ ደግሞ ከቃጭሉ ሥር ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ክፍተት ይበጅለታል፤ እሱንም ትደፍኚዋለሽ። ሰው ይህን ካደረገ በኋላ «የድሮ ስልክ ድምፁ ደካማ ነው» እያለ ሲያማ እሰማለሁ።

ባለ ስልኳ፦ ታዲያ ሁለቱን ድምፅ እንዴት ነው የምንለየው?

ጠጋኙ፦ መምቻው ሲመታ ጉልበቱ የት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። መስመሩ ለመጥሪያ የሚልከው ኤሌክትሪክ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተመላላሽ ነው፤ በሰከንድ 20 ዙር። በእያንዳንዱ ዙር መምቻው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ስለዚህ በሰከንድ 40 ምት ነው። የአሜሪካ ደወል ሁለት ሰከንድ ጮኾ አራት ሰከንድ ያርፋል፤ አንዴ «ክሪሪሪንግ» ባለ ቁጥር ቃጭሎቹ 80 ጊዜ ተመተዋል። ከያንዳንዱ ምት የሚበዛው ጉልበት ቃጭሉ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው፤ አየር ላይ ወጥቶ ድምፅ ይሆናል። የቀረው ግን በመምቻው ዘንግ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ደወሉ አቃፊ፣ ከዚያ ወደ ሥር ብረቱ፣ ከዚያ ወደ ሽፋኑና ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። አንቺን ያስመረረሽ ይኸኛው ነው።

ባለ ስልኳ፦ መምቻው ወደ ግራ ሲወረወር አቃፊው ወደ ቀኝ ይገፋል ማለት ነዋ፤ ባይመታም እንኳ።

ጠጋኙ፦ ባይመታም። ጎበዝ! እንግዲህ አስቢው፤ ይህ ችግር ከስልክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የግራሃም ቤል ረዳት የነበረው ቶማስ ዋትሰን መጀመሪያ ያበጀው መጥሪያ የስልኩን ስስ ብረት የሚያንኳኳ መዶሻ ነበር። ቀጥሎ የሠራው ደግሞ ጥዝዝ የሚል፣ ጆሮ የሚያሳክክ ነገር ነው። ሰው አልወደደለትም። በ1878 ነው ሁለት ቃጭል፣ በመካከላቸው የሚወዛወዝ መምቻ፣ ከጀርባው ደግሞ ቋሚ ማግኔት ያለውን ደወል ያመጣው። መሠረቱ እስካሁን ያው ነው። የአንቺ ስልክ አርጅቶ ወደ ዋትሰን ሁለተኛ ሥራ ተመልሶብሻል።

ባለ ስልኳ፦ እንክፈተው እንግዲህ?

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ መስመሩን ንቀዪ። 90 ቮልት ቀልድ አይደለም። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ሽቦ በጥርሱ ሲልጥ ጥሪ የመጣበት ባልደረባ ነበረኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፒንሳ ሳይዝ አይወጣም ነበር። በይ፣ እነዚህን ሁለት ብሎኖች ፍቺ፤ ሽፋኑ ይነሳል። ካቻቢቴው እዚያ ነው። አሁን ሽፋኑን ወዲያ አስቀምጪና መስመሩን መልሰሽ ሰክተሽ በሞባይልሽ ደውይበት።

ባለ ስልኳ፦ ... ይገርማል! ግማሹ ንጭንጭ ጠፋ።

ጠጋኙ፦ አየሽ? ግማሹ የሽፋኑ ነበር። የቀረውን በዚህ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እንፈልገዋለን። እንጨት ስለሆነ አይነዝርሽም። እየደወለ ሳለ የእንጨቱን ጫፍ አንድ በአንድ አሳርፊበት፤ በሥር ብረቱ ላይ፣ በመደወያው ላይ፣ በሽቦዎቹ ላይ፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ። የነካሽው ነገር ጫጫታው ድንገት ከቀነሰ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ባለ ስልኳ፦ እዚህ ሽቦ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ይለወጣል።

ጠጋኙ፦ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ሽቦው ቃጭሉን ነክቶታል። ከጥገና በኋላ በብዛት የማገኘው ይህን ነው። ሰውየው ሁሉን አጽድቶ፣ አዲስ ገመድ አስገብቶ፣ ትርፉን ሽቦ ባገኘው ክፍተት ይጠቀጥቀዋል። ክፍተቱ ደግሞ ለቃጭሉ የተተወ ነው። ቃጭል መሐሉ ላይ ይታሰራል፤ ሲመታ መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ የሚርገበገበው ከንፈሩ ነው። ስለዚህ መሐሉን ጥርቅም አድርገሽ ብታስሪው ድምፁ አይጎዳም፤ ከንፈሩን ግን አንዲት ሽቦ ከነካችው አለቀ። ሽቦውን ወደ ጎን አሲዢው።

ባለ ስልኳ፦ ይህኛው ቃጭል ደግሞ ድምፁ ከጓደኛው ያነሰ ነው። «ክሪንግ» ሳይሆን «ጥክ» ይላል። ተሰንጥቆ ይሆን?

ጠጋኙ፦ ብሎኑን አላልተሽ አውጪውና በጣትሽ አንጠልጥለሽ በእንጨቱ ምቺው። ... እህ፣ ደህና ነው፣ ያስተጋባል። የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ እዚያው ይሞት ነበር። ሁለቱን ቃጭሎች እንዳታለዋውጫቸው ብቻ፤ ድምፃቸው ሆን ተብሎ የተለያየ ነው። ቃጭሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የመምቻው ነው። መልሰሽ እሰሪውና መስመሩን ነቅለሽ መምቻውን የያዘውን የሚወዛወዝ ብረት በጣትሽ ወደዚህ ቃጭል እስከ መጨረሻው ግፊው። መምቻው የት ቆመ?

ባለ ስልኳ፦ ቃጭሉን ነክቶ ቆመ።

ጠጋኙ፦ ተገኘ! መምቻ ቃጭልን መምታት እንጂ መጫን የለበትም። ብረቱን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ስትገፊው መምቻው ቃጭሉ ጋ ሳይደርስ ትንሽ ክፍተት አስቀርቶ መቆም አለበት፤ ወፍራም ወረቀት የምታልፍበት ያህል።

ባለ ስልኳ፦ ካልደረሰ ታዲያ በምን ይመታል?

ጠጋኙ፦ በፍጥነቱ። ኤሌክትሪኩ ሲወረውረው ብረቱ በማቆሚያው ይገታል፤ ቀጭኑ ዘንግ ግን በግስጋሴው ትንሽ ይለመጥና መምቻው ቃጭሉን መትቶ ይመለሳል። በሰከንድ ሽራፊ ነው። ወዲያው ስለሚለቀው ቃጭሉ ነጻ ሆኖ ይዘምራል። ክፍተቱ ከሌለ ግን መምቻው ከንፈሩ ላይ ተጭኖ ይቀመጣል፤ ቃጭሉ መርገብገብ አይችልም። ቃጭሉ ያልተቀበለው ጉልበት ታዲያ የት ይሄዳል?

ባለ ስልኳ፦ ወደ ኋላ። ወደ ሳጥኑ።

ጠጋኙ፦ እሱን ነው የምልሽ! ድምፁ ሲያንስ ንዝረቱ የሚበዛው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን ድምፁ አነሰ ብሎ ቃጭሉን ይበልጥ ያስጠጋዋል፤ ባስጠጋው ቁጥር ይብሳል። አሁን የቃጭሉን ብሎን ትንሽ አላይና ቃጭሉን ራሱን አዙሪው። የታሰረበት ቀዳዳ ልክ መሐሉ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ስታዞሪው ከንፈሩ ወደ መምቻው ይጠጋል ወይ ይርቃል። በብዙዎቹ የድሮ ስልኮች ማስተካከያው ይኸው ነው። ዘንጉን በፒንሳ መቆልመም የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ እኔ ቤት አይደረግም።

ባለ ስልኳ፦ አሁን ክፍተት አለው። መስመሩን ሰክቼ ልደውል? ... ኧረ ጋሼ! ይህ ሌላ ስልክ ነው!

ጠጋኙ፦ ገና ነን። ከጠረጴዛው ላይ አንስተሽ ያዢው፤ ሽፋኑ የለም፣ ከታች በኩል በሥር ብረቱ ብቻ ያዢው። አሁንስ?

ባለ ስልኳ፦ እጄን ይነዝረኛል። ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ንዝረት ነው።

ጠጋኙ፦ ይኼ የጎማው ነው። ደወሉ ከሥር ብረቱ ጋር በተያያዘባቸው ቦታዎች ላይ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ በጥፍርሽ ጫን በያቸው።

ባለ ስልኳ፦ ድንጋይ ሆነዋል። አንዱ ጭራሽ ተሰንጥቋል።

ጠጋኙ፦ ስንት ዓመት ሆነው! ጎማ ዕድሜ አለው። የስልኩ ብረት መቶ ዓመት ይኖር ይሆናል፤ ጎማው ግን ይደርቃል። አሁን ደወሉ በጎማ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በብረት ላይ የተቀመጠ ያህል ነው።

ባለ ስልኳ፦ እዚህ ላይ እንኳ እኔም ትንሽ አውቃለሁ። እኛ ማይክሮፎን በላስቲክ የምንሰቅለው ለዚሁ ነው። በጎማ ላይ የተቀመጠ ነገር የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው፤ በክብደቱና በጎማው ልስላሴ ይወሰናል። የሚመጣው ንዝረት ከዚያ ፍጥነት ቢያንስ 1.4 እጥፍ ካልበለጠ ጎማው ምንም አይከላከልም። እኩል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ያጎላዋል። ጎማው ሲደርቅ ይህ ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ድሮ ያግደው የነበረውን ማሳለፍ ይጀምራል።

ጠጋኙ፦ እኔ በእጄ የማውቀውን አንቺ በቁጥር ታውቂዋለሽ። በዚህ ስልክ ላይ ምን ማለት ይሆናል?

ባለ ስልኳ፦ መወዛወዙ 20፣ ምቱ 40 አልነበር ያሉት? ምቱን ለማገድ የጎማው ፍጥነት ከ28 በታች መውረድ አለበት። 20 አካባቢ ቢሆን ግን ውዝወዛውን ራሱን ያጎላል፤ ደወሉ በሙሉ ይዘላል። ለሁለቱም እንዲሠራ ከ14 በታች ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በጣም ለስላሳ ጎማ ነው።

ጠጋኙ፦ በጣም ለስላሳ ካደረግሽው ደወሉ ወደ ታች ይሰግጋል፣ ይንጋደዳል፤ ቃጭሉም ከሽፋኑ ወይም ከመደወያው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሒሳቡ እስከሚልሽ ድረስ አትሂጂ።

ባለ ስልኳ፦ አያስፈልግምም። ጆሮ የሚያስቸግረው 20ና 40 አይደሉም፤ እነሱን ጆሮ ብዙም አይሰማቸውም። የሚያስቸግረው ከምቱ የሚወጣው ቀጭን ቀጭን ንዝረት ነው፣ ሽፋኑንና ብርጭቆውን የሚያንጫጫው። እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ መካከለኛ ጎማ እንኳ በቀላሉ ያግደዋል። ማለቴ፣ ጤነኛ ጎማ ይበቃል።

ጠጋኙ፦ ያ ነው የሚጣፍጥ ንግግር። ጤነኛ ጎማ ይበቃል። ቀዳዳውን ለክተሽ ከሃርድዌር ሱቅ ተመሳሳይ የጎማ ቀለበት ታገኛለሽ፤ ጥቂት ሳንቲም ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሰው አዲስ ጎማ ያስገባና ብሎኑን በሙሉ ኃይሉ ያጠብቀዋል። ጎማው ተጨፍልቆ ብሎኑና ብረቱ ከተገናኙ ንዝረቱ በብሎኑ በኩል ያልፋል፤ ጎማው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እንዳይወልቅ ብቻ አጥብቂው፤ ከዚያ ተዪው።

ባለ ስልኳ፦ ኦሪጅናሉን ጎማ የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች አይቆጡም?

ጠጋኙ፦ ይቆጣሉ እንጂ! አንዱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተቆጥቶኛል። ግን ስልኩን የሠራው ኩባንያ ራሱ ከደንበኛ ሲመለስለት ከፍቶ፣ ያረጀውን ቀይሮ፣ አጽድቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠው ነበር። ጎማ የሚቀየር ዕቃ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ሙጫ ነው። ሲሊኮን በቱቦ እየጨመቁ ደወሉን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቁ ሰዎች አሉ። ንዝረቱ ይቀንስላቸው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን ደወል ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ባለ ስልኳ፦ ከታች ያሉት እግሮቹስ? እነሱም ጎማ ናቸው።

ጠጋኙ፦ እነሱም ደርቀዋል፤ ቀይሪያቸው። ስልኩን ስታነሺው ጫጫታው ከጠፋ፣ ስታስቀምጪው ከተመለሰ ጥፋተኛው ጠረጴዛሽ ነው። ስስ ሳንቃ፣ ከሥሩ ባዶ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ንዝረቱን ተቀብሎ ራሱ ይጮኻል። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ከሥሩ ብታነጥፊ ይበቃል፤ ስልኩን መንካትም አያስፈልግሽም።

ባለ ስልኳ፦ ወደ ሽፋኑ እንመለስ። ግማሹ ጥፋት የሱ ነበር ብለዋል።

ጠጋኙ፦ የመጀመሪያዎቹ የ500 ሽፋኖች ቴናይት ከሚባል ፕላስቲክ ነው የተሠሩት። ቴናይት በዘመን ብዛት ይኮማተራል። ትንሽ ነው የሚኮማተረው፤ ግን ጠርዙ ከሥር ብረቱ ጋር እንደ ድሮው አይገጥምም፣ አንዱ ጥግ ይነሳል። የተነሳው ጥግ በየምቱ ብረቱን ይኮረኩረዋል። በኋላ ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ መጣ፤ እሱ ቅርጹን ይጠብቃል። የአንቺ የቱ ነው? ... ቴናይት ነው፤ እዪው፣ ይቺ ጥግ አልገጠመችም። እዚህ ስስ የጨርቅ ፕላስተር ከውስጥ በኩል ለጥፊ። እንዳትሞርጂው። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ «አስተካከልነው» የሚሉ አሉ፤ ፕላስቲኩ የሄደ አይመለስም።

ባለ ስልኳ፦ አሁንም ግን ትንሽ ትንሽ የሚያንሿሿ ነገር አለ። ከላይ በኩል።

ጠጋኙ፦ እጀታውን አንሺውና አወዛውዢው። ሰማሽ? መናገሪያው በኩል ያለውን ክዳን አጥብቂው። ውስጡ ያለው መናገሪያ በብሎን አልታሰረም፤ ቦታው ላይ ተቀምጦ ክዳኑ ነው የሚይዘው። ክዳኑ ከላላ ስልኩ በደወለ ቁጥር ይንጓጓል። ሰው ደወሉን ሲበታትን ይውላል፤ ጥፋቱ እዚህ ነው።

ባለ ስልኳ፦ ጸጥ አለ! በቃ፣ ጨረስን?

ጠጋኙ፦ እሱን ቤትሽ ስትደርሺ ነው የምናየው። ቤትሽ ያለው መስመር ምንድነው? የድሮው የመዳብ መስመር ነው ወይስ በኢንተርኔት?

ባለ ስልኳ፦ በኢንተርኔት። ትንሽ ሳጥን አለች።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ሳጥኗም ድርሻ አላት። የስልክ ጣቢያ የሚልከው የመጥሪያ ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ ነው። አንዳንዶቹ ሳጥኖች ግን ጠርዘኛ ሞገድ ይልካሉ፤ ብረቱን በድንገት ይገፉታል።

ባለ ስልኳ፦ ጠርዘኛ ሞገድ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ነው የሚመጣው። ጥዝዝታው ከዚያም ይወለዳል ማለት ነው።

ጠጋኙ፦ የሳጥኗን ቅንብር ከፍተሽ እዪ፤ በአንዳንዶቹ የሞገዱን ቅርጽ መምረጥ ይቻላል፣ የዙሩን ቁጥርና ቮልቱንም። ለስላሳውን ምረጪ፤ ዙሩን 20 አድርጊው። ይህ የአሜሪካ ስልክ ነው። ያ ጥግ ላይ ያለው የእንግሊዝ 332 ቢሆን 25 ትሰጪው ነበር፤ እዚያ አገር 25 ዙርና 75 ቮልት ያህል ነው ልማዱ። ከዚያ ሞላውን እናያለን። እዚህ ጋ ቀጭን ሽቦ መሳይ ሞላ አለች፤ ሁለት መቀመጫ አላት፣ ጠንካራና ልል። ሥራዋ የሚወዛወዘውን ብረት ወደ አንድ ወገን መያዝ ነው። በሌላ ክፍል ያለ ስልክ ላይ ቁጥር ሲያዞሩ ይህኛው «ቲክ ቲክ» እንዳይል የተደረገች ናት፤ መደወያው በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል መስመሩን ይቆራርጣልና። ሳጥኗ ደካማ ከሆነችና ሞላዋ ጠንካራው ቦታ ላይ ካለች ብረቱ አንድ ቃጭል ብቻ እየነካካ ይርገፈገፋል፤ ንዝረት ብቻ፣ ድምፅ የለም። ያኔ ወደ ልሉ ታዞሪያታለሽ። ቤትሽ ሌላ ባለ ክብ መደወያ ስልክ ከሌለ የምታጪው ነገር የለም።

ባለ ስልኳ፦ ንዝረት ብቻ፣ ድምፅ የለም ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። እህቴ ኦሃዮ ገጠር ያገኘችው ስልክ አለ፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ዌስተርን ኤሌክትሪክ አይደለም። ሲደወልበት ጭራሽ አይጮኽም፤ ይንዘፈዘፋል ብቻ። ክፍተቱን ብናስተካክል ይድናል?

ጠጋኙ፦ ደወሉ አቃፊ ላይ የተመታ ቁጥር ይኖራል። እሱን ትንገርሽ።

ባለ ስልኳ፦ ፎቶ ልካልኛለች። ቆይ ... 50 ይላል።

ጠጋኙ፦ በቃ፣ ያ ስልክ አልታመመም። በገጠር በነበሩት ትናንሽ የስልክ ኩባንያዎች ብዙ ቤቶች አንድ መስመር ይጋሩ ነበር። ሁሉም ቤት አብሮ እንዳይደወልበት ለየቤቱ የተለያየ ዙር ይላካል፤ በአንዱ አሠራር 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60፤ በሌላው ደግሞ 16⅔፣ 25፣ 33⅓፣ 50፣ 66⅔። እያንዳንዱ ደወል የመምቻው ክብደትና የብረቱ ድጋፍ ተለክቶለት ለራሱ ዙር ብቻ እንዲመልስ ተቃኝቷል። የእህትሽ ስልክ 50 እየጠበቀ 20 ነው የሚላክለት። ይሰማዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይመልስም። ክፍተቱን ብታጠቢ ወይ ብታሰፊ ምንም አይሆንም።

ባለ ስልኳ፦ ታዲያ ምን ታድርገው?

ጠጋኙ፦ ወይ ለማንኛውም ዙር የሚመልስ ተራ ደወል ትቀይርለት፣ ወይ 50 ዙር የሚሰጥ ማመንጫ ታግኝለት። መምቻው ላይ ክብደት ጨምሮ ወደ 20 ማውረድን የሞከሩ አሉ፤ ተራ ደወል መግጠም ይሻላል። ብቻ የድሮውን ደወል አትጣለው።

ባለ ስልኳ፦ ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ክርክር። ሕፃን ያለበት ቤት ነው። ንዝረቱ ጠፍቶም ደወሉ ይጮኻል። ስፖንጁን ከከለከሉኝ ሌላ ምን ይሰጡኛል?

ጠጋኙ፦ ከሥሩ መንኮራኩሯን አላየሻትም? የድምፅ ማሳነሻ ናት፤ በጣትሽ አዙሪያት። ፋብሪካው ራሱ ለሕፃን እናት አስቦ ነው ያስቀመጣት።

ባለ ስልኳ፦ ከዚያ በታችም ብፈልግስ? ሬዚስተር በደወሉ መስመር ላይ ባስገባ ጉልበቱ ይቀንሳል። ምንም ነገር አልቆርጥም፣ ሲያስፈልግ አወጣዋለሁ።

ጠጋኙ፦ ... እሱን አልቃወምሽም። ተመላሽ የሆነ ነገር ነው። ብቻ በዝቶ ሞላዋ እንዳታሸንፈው፤ ያኔ ተመልሰሽ ንዝረት ብቻ ይተርፍሻል። ከስፖንጁ ግን ይሻላል፤ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ባለ ስልኳ፦ እዚህ ደወሉ ላይ፣ መደወያው ላይ፣ ሽፋኑ ውስጥ ቀን ታትሟል። ግን ቀኖቹ አይመሳሰሉም።

ጠጋኙ፦ ኩባንያው በየዕቃው ላይ የተሠራበትን ወርና ዓመት ያትም ነበር። ቀኖቹ ካልተመሳሰሉ ስልኩ ቀደም ሲልም ተከፍቶ ታድሷል፤ አንዳንዱ ዕቃ ከሌላ ስልክ መጥቷል። አንቺም ከነሱ አትነሺ። የቀየርሽውን ጎማ፣ ያዞርሽውን ቃጭል፣ የሞላዋን ቦታ ከነቀኑ ጽፈሽ ከሥር ብረቱ ውስጥ ለጥፊ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ከየት እንደሚጀምር ይወቅ። ስትለጥፊው ግን ጥብቅ አድርጊው፤ የላላ ወረቀትም ይንጫጫል።